ጥጥና ታምቡር

ማክሰኞ፣ መስከረም 18 ቀን 1958 ዓ.ም. ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዝናብ። የስልክ መስመሩ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ዋለ። ይርጋጨፌ አ.አ.ን ፈለገ፣ አ.አ. ይርጋለምን ፈለገ፣ ሁሉም ተራ በተራ እኔን ተቆጣ። ስልክ ቤት ተቀምጦ ገመድ ሲሰኩና ሲነቅሉ መዋል ምን ሥራ ነው ይሉኛል። ይምጡና ይሞክሩት። ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል።

ቤት ስገባ ሩት ጭልፋ ይዛ የዱቄት ጣሳውን ትደልቃለች። ተይ አልኳት። ተወችና ወንበሩን ያዘች። ወንበሩን ስከለክላት የገዛ ጉልበቷን። ተቆጣኋት። ምላሷን አወጣችብኝ። ይህች ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ክፍል ገብታ መቀመጫዋ ገና አልሞቀም፣ እጇ ግን አንድ ቀን አርፎ አያውቅም። ትናንት መስቀል ነበር፤ ራሴን አሞኛል ብዬ ደመራው ጋ አልወሰድኳትም። ምን ዋጋ አለው፤ ከአጥር ማዶ የሰማችውን ይኸው ዛሬ በጣሳ ትመልሰዋለች።

ከዚያ በራሶ ገባ። ባሌ ከቡና መጋዘኑ ሚዛን ላይ ሲመለስ ደክሞት ነው የሚገባው። ዛሬ ፊቱ በርቷል። የት/ቤቱ ሙዚቃ አስተማሪ ሃምሳ አለቃ ተሰማ መጋዘኑ ድረስ መጥተውለት ነበር። ከጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባንዲራ ሲሰቀል ሩት በጣቷ ደረቷን ስትመታ አይተዋታል። ለዘውድ በዓል፣ ጥቅምት 23፣ ት/ቤቱ ሲሰለፍ ከፊት ሆና ታምቡር እንድትመታ ሊያስተምሯት አስበዋል። ከይርጋለም ትልቅ ሰው ይመጣል፤ ትንሿ ልጅ ከፊት ብትሆን ያምራል ብለዋል።

በራሶ እሺ ብሎ ነው የመጣው። እኔን ሳይጠይቅ።

እራት አቀረብኩ። ስሚኝ ደብተሬ፣ ፈርቻለሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 19። ከሥራ በፊት

ለማንም ያልነገርኩትን ለአንቺ ልንገርሽ። አንቺ መቼም አፍ የለሽም።

እናቴ ዛር ነበረባት። ባደግሁበት ወናጎ ከቤታችን በላይ አንድ ቃልቻ ነበር። መስከረም ሲጠባ እሱ ቤት ከበሮ ይመታል፣ እናቴም ትሄዳለች። አንድ ዓመት እኔን ይዛኝ ሄደች። ያኔ የዛሬዋን ሩት ነበር የማክለው። ቀሚሷን ጨብጬ ቆምኩ። ከበሮው ቀስ ብሎ ጀመረ። መጀመሪያ እግሯ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ፣ ከዚያ አንገቷ። ነጠላዋ ወደቀ። እማዬ አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ።

አላወቀችኝም። ብትቆጣኝ፣ ብትገፋኝ ይሻለኝ ነበር። ግድግዳ እንደሚያይ ሰው አይታኝ ዞረች።

ቤት ስንመለስ እናቴ ሆና ፀጉሬን ሠራችኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ባየችኝ ቁጥር አሁንስ ታውቀኛለች ወይ እያልኩ ነው ያደግሁት። በኋላ አንድ መስከረም እንደሄደች ቀረች። ከቃልቻው ቤት ወጥታ በዝናብ ስትሮጥ አድራ ወንዝ ዳር ሞታ አገኟት።

ከዚያ ወዲህ ከበሮ ካለበት አልደርስም። ለጥምቀት በሬን ዘግቼ ልብስ አጥባለሁ። ሠርግ ስጠራ ሆዴን አሞኛል እላለሁ። ስልክ ቤት ስቀጠር ደስ ያለኝ የጆሮ ማዳመጫው ነው። እሱን ጆሮዬ ላይ ካደረግሁ ውጭ ሰማይ ቢወድቅ አልሰማም።

በራሶ ይህን አያውቅም። እናቴ በወባ ሞተች ነው ያልኩት።

ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ትንሽ ናት፣ ሴት ናት፣ ዕቃው ይከብዳታል አልኩት። ሳቀብኝ። ይኼ ከበሮ አይደለም፣ ታምቡር ነው፣ የመንግሥት ነው አለ። የመንግሥት ሲሆን ቆዳው ከበሬ አይደለም እንዴ?

ሐሙስ፣ መስከረም 20

እትዬ ዘነበች ለገበያ መጣች። የእናቴ ታናሽ ናት። ቆጮ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ብቻችንን ስንሆን ነገርኳት። ጉንጯን ይዛ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«ዛር ዘር ይቆጥራል ልጄ። አንቺን ዘሎሻል። እሷን ግን አይዘልም።»

ይህን ብላ ስኳር ጨምሪልኝ አለች። ጨመርኩላት። ማንኪያው ከብርጭቆው ጋር ሲጋጭ ሩት ጓዳ ሆና ያንኑ ምት በጥፍሯ በሩ ላይ መለሰችው። ሁለታችንም ሰማን። እትዬ አማተበች።

ስትሄድ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ የሚገባው በጆሮ ነው፣ ጆሮዋን ጠብቂላት ብላኛለች።

ቅዳሜ፣ መስከረም 22። ከቀኑ 8 ሰዓት

የመጀመሪያው ትምህርት።

በራሶ ወስዷት ሄደ። እኔ ገበያ ነኝ ብዬ በኋላ በኩል ዞርኩና ከት/ቤቱ አጥር ውጭ ከእንሰቱ ሥር ቆምኩ። እንደ ሌባ። ሃ/አለቃ ተሰማ ታምቡሩን አላስነኳትም። ጣውላ ሰጧት፣ በትር ሰጧት። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። አያያዟን አሥር ጊዜ አረሙት። አውራ ጣቷን ከላይ፣ አንጓዋን ላላ። እርሳስ እንኳ እንደዚያ አክብራ ይዛ አታውቅም።

ከዚያ ጀመረች። ምን ልበልሽ። ትንሽ ልጅ አይመስልም። ሰውዬው ራሳቸው መቁጠሩን ተዉ።

የግራ እግሬ ጭቃው ውስጥ ይመታል። እኔ አላዘዝኩትም። በቀኙ ረገጥኩት። የተረገጠው ከሥር ይገፋል።

ሩት ዓይኗን ጣውላው ላይ ተክላለች። ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ባትዞርስ? ብትዞርና እንደ ግድግዳ ብታየኝስ? አፌን ዘጋሁ። ሳልጠራት ተመለስኩ።

እሑድ፣ መስከረም 23

ጸሎት ቤት። ለአንዲት ልጅ ጸለዩላት፤ ርኩስ መንፈስ አለባት ተብሎ። ከበው፣ ይዘው፣ ጮኸው። ክፋት የላቸውም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከልባቸው ነው። ልጅቷም ተረጋግታ ወጣች። ግን ስንወጣ ስሟን የጠራ ሰው አልሰማሁም። «ያቺ የተጸለየላት» ሆና ቀረች። እናቷ ከኋላ ከኋላ ትሄዳለች።

በራሶ ሁሉንም ለጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች የሚናገር ሰው ነው። ብነግረው ነገ ሩትን መሐል ያቆሟታል። ባልነግረው ታምቡሩ ይወስዳታል። ወዴት ልግባ?

ረቡዕ፣ መስከረም 26። ምሳ ሰዓት

አገኘሁ! እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም?

ከክሊኒኩ ጥጥ ለመንኩ። ከሻማ ሰም አቀለጥኩ። ጥጡን እንደ ባቄላ ጠቅልዬ ሰሙ ውስጥ ነከርኩ፣ ሳይደርቅ በጣቴ ቅርጽ ሰጠሁት። መጀመሪያ በራሴ ጆሮ ሞከርኩት። ዓለም ጠፋ። የጎረቤት ውሻ አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም። እንዴት ደስ አለኝ!

ሩትን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነገርኳት። ታምቡር ጆሮ ያሳምማል፣ ይህ መድኃኒት ነው። ት/ቤቱ በር ስትደርሺ ታደርጊያለሽ። ፀጉርሽን ወደ ፊት አድርጊ፣ አይታይም። ምቱ መንገድ ድረስ ይከተላልና እኔ ጋ እስክትደርሺ አታውጪው። ለአባባም አንነግርም፣ የእኔና የአንቺ ነገር ነው። ምስጢር ስትሰማ ዓይኗ በራ።

በራሶ ገባና ምን ያንሾካሽካችኋል አለን። የሴት ነገር አልኩት።

ቅዳሜ፣ መስከረም 29

ሃ/አለቃ ተሰማ ስልክ ቤት ድረስ መጡ። ሊደውሉ መስሎኝ ወረቀት አቀረብኩላቸው። ሊከሱ ነው የመጡት። ቁሚ ስላት ትቀጥላለች፣ ቀስ ስላት ታፈጥናለች፣ ባለፈው እንዲህ አልነበረችም፣ ቤት ምን አደረጋችኋት አሉኝ። እንግዲህ ልጅ ናት፣ አይሆንላትም ይሆናል፣ ሌላ ልጅ ቢፈልጉ አንቀየምም አልኳቸው። በልቤ እልል እያልኩ።

«አይሆንም» አሉ። «ጆሮዋ ነው እምቢ ያለኝ። እጄን እያየች ስትመታ አንድ አታዛንፍም። እንደዚህ ያለ እጅ አልጥልም።»

ሲወጡ በር ላይ ኮፍያቸውን ነካ አደረጉልኝ። አቤት ክብራቸው። ምናለ ትንሽ ሰነፍ ሰው ቢሆኑ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 4

ጥጡ ይሠራል ወይስ አይሠራም? አላውቅም። አንዳንዴ ይሠራል እላለሁ። ከትምህርት ስትመጣ እበረንዳው ላይ አስቁሜ ጥጡን አወጣለሁ፣ ዓይኗን አያለሁ፣ ስምሽ ማነው እላታለሁ። ሩት በራሶ ትለኛለች። እኔስ ማነኝ? እማዬ። ትናንት ደከማትና፣ «ስልከኛዋ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም። ክንዷን ጠብቄ ያዝኳትና ደግማ በትክክል እንድትለው አደረግሁ። አለቀሰች።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቁርስ ላይ አያታለሁ፣ ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ይሄዳል፣ ዓይኗ ሩቅ ነው። በራሶ እንጀራውን እየቆረሰ አብሯት በጣቱ ይመታል። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ሻዩን ደፋሁት።

የቡናው ወቅት ገብቷል። ከይርጋጨፌና ከገደብ የሚመጣው መኪና መንገዱን አጨናንቆታል። ነጋዴው ሁሉ ዋጋ ዋጋ ይላል፣ እኔም አገናኛለሁ። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይመታል። ያለ ታምቡር። ምን ሊሆን ነው ይሄ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 12

ታምቡሩን ሰጧት። ማንገቻው በትከሻዋ ሲያልፍ ዕቃው ጉልበቷን ይመታታል፤ ሃ/አለቃው ቀበቶውን በምስማር በስተው አሳጠሩላት። በራሶ ሊያያት ሄዶ ነበር። መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲጥሉበት ምንም የማይል ሰው ልጁ ግራ ቀኝ ስትል አለቀሰ።

ከባልደረባዬ ጋር ተራ ተለዋወጥኩ። ለበዓሉ ቀን እሷ ታርፋለች፣ እኔ እገባለሁ። ደስታዋን ብታዪ። ምን ያለሽ ደግ ሴት ነሽ አለችኝ። ደግ! ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰልፉ እስኪያልፍ ልደበቅ ነው።

ለበራሶ አለቃዬ አዘዘኝ አልኩት። አዘነልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13። ከቀኑ 10 ሰዓት

ሩት ደኅና ናት። መጀመሪያ እሱን ልጻፍ። ደኅና ናት። ጉልበቷ ተፍቋል፣ ከንፈሯ ትንሽ አብጧል። ተኝታለች።

ቀሪውን ነገ።

እሑድ፣ ጥቅምት 14። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ጸሎት ቤት አልሄድንም። በራሶ ውጭ እንጨት ይፈልጣል። የተፈለጠውን ደግሞ ይፈልጠዋል።

እንዲህ ሆነ። ትናንት ከሰዓት በፊት ተራዬ ነበር። መስመሩ ጸጥ ሲል መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ሩት ከት/ቤት በኩል መጣች። ታምቡሩ ት/ቤት ቀርቷል፣ በትሮቹን ይዛ አየሩን ትመታለች። የመንገዱን ጥግ ትታ መሐሉን ይዛለች። ሩት! አልኳት። አልዞረችም። መስኮቱን ከፍቼ ጮህኩ። ሩት! መንገዱን ልቀቂ! ቀና አለች። ወደ እኔ አየች። ደብተሬ፣ አየችኝና ዓይኗን መለሰች። ያው ዓይን። የእናቴ ዓይን።

ወሰዳት አልኩ። በቃ ወሰዳት። ባለሁበት ደረቅሁ። እናት ነኝ፣ መሮጥ ነበረብኝ። ደረቅሁ።

መኪናውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከይርጋጨፌ ቡና ጭኖ ቁልቁለቱን ይወርዳል፣ ጡሩምባውን ሳያቋርጥ ይነፋል። ከተማው ሁሉ ዞሮ አየ። ሩት ብቻ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ያን ጊዜ እግሬ ተፈታ። በሩን እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም።

ሾፌሩ ወደ ቦዩ ጠመዘዘው። መኪናው በጎኑ ዘመም ብሎ ቆመ፣ ጆንያው ተዘረገፈ፣ የጭቃ መከላከያው ትከሻዋን ገፍቶ ጣላት። ስደርስ ጭቃ ላይ ተቀምጣ የተሰበረውን በትር ትገጣጥማለች። አፌን ከፍቼ እጮኻለሁ፣ እሷ አፌን ታያለች።

ሾፌሩን አውቀዋለሁ። ኑሩ ይባላል፣ ከመርካቶ ጋር ብዙ ጊዜ አገናኝቼዋለሁ። ፊቱ አመድ ሆኗል። እያለቀሰ ይጮኻል፦

«ጡሩምባ ነፋሁ! ከላይ ጀምሬ ነፋሁ! ልጅቷ ደንቆሮ ናት እንዴ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በሰው ሁሉ ፊት ፀጉሯን ገለጥኩ፣ ጥጡን አወጣሁ። አንዱን። ሌላውን። መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት። ኑሩ ጥጡን አየ፣ እኔን አየ፣ ጆንያውን ሊሰበስብ ሄደ።

ሩት ድምፄን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። «እማዬ አልሰማሁሽም እኮ» አለችኝ። «እስክደርስ አታውጪው ብለሽኝ ነው።»

እሑድ፣ ያው ቀን። ከሰዓት

ነገርኩት። እንጨቱ ላይ ቁጭ ብዬ ከእናቴ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት። ከበሮውን፣ ወንዙን፣ ጥጡን፣ ተራ መለወጤን። ወባ እንዳልነበር። ዓይኑን ማየት ስላልቻልኩ መጥረቢያውን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

መጥረቢያውን መሬት አስቀመጠ። ይመታኛል አልኩ፣ በሕይወቱ መትቶኝ አያውቅም። ከዚያ የእናትሽን ነገር አውቃለሁ አለ። ሊያገባኝ ሽማግሌ ሲልክ ዘመዶቹ ወናጎ ሄደው ዘሬን አጣርተው ነበር። አትግባ፣ ዛር ያለበት ቤት ነው ብለውታል። ገባ። አንድ ቀን ራሷ ትነግረኛለች ብሎ ይኸው እስከ ዛሬ።

ለሽማግሌዎቹስ ትነግራለህ ወይ አልኩት።

«የሚስቴን እናት ለምን ብዬ ላውራ?» አለ። መጥረቢያውን መልሶ አነሳና፣ «ለጥጡ ግን አልማርሽም። ለዛሬ አልማርሽም።»

ዕውነቱን ነው። ለዛሬ አይማረኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። የባሰው መጣ።

በራሶ ልጅቷ ከወደደችው ትቀጥል አለ። እኔም እሺ አልኩ፣ አፌ እሺ አለ። ሃ/አለቃው አዲስ በትር አዘጋጅተው ት/ቤቱ በር ላይ ጠበቋት። ሩት በሩ ላይ ቆመች። እጇን ዘረጋችልኝ። ጥጡን ስጪኝ አለችኝ።

የለም፣ ጣልኩት፣ አያስፈልግም አልኳት። ውስጥ አንዱ ትልቅ ልጅ ታምቡሩን መታ አደረገው። አንድ ጊዜ ብቻ። ሩት ሁለት ጆሮዋን ይዛ ቀሚሴ ውስጥ ተሸጎጠች። ያመኛል፣ ይገባብኛል እያለች አለቀሰች። ይገባብኛል! ይህን ቃል ማን ነገራት? እኔ አልነገርኳትም። እትዬ ዘነበች ደጃፍ ላይ ስትናገር ሰምታ ነው እንጂ።

ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ ጭኔ ላይ ይሰማኛል። ያን ጊዜ የራሴን እጅ አየሁት፣ እሱም ጆሮዬ ላይ ነው።

ዛሩን እንጃ። ፍርሃቱን ግን በእጄ ጠቅልዬ፣ በሰም አሽጌ ሰጥቻታለሁ።

ቤት መልሻት መጣሁ። ጣሳውን አትነካም። ወንበሩንም አትነካም። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ስመኘው የነበረው ጸጥታ ይሄ ነው። አልወደድኩትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20። ከቀኑ 7 ሰዓት

ሄድን። እኔና እሷ። በራሶ ልምጣ ሲል አይሆንም አልኩት። ብለወጥ እንዳያየኝ ነው፤ ዕውነቱ እሱ ነው።

ሃ/አለቃውን በጆሯቸው ለመንኳቸው፣ ሌሎቹን ልጆች ሜዳ አወጡልኝ። ክፍሉ ውስጥ ታምቡሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሩት በሩን ይዛ ቆመች። ውጪም ግቢም አላልኳትም። እኔ ገባሁ።

በትሩን አነሳሁ፣ አውራ ጣቴን ከላይ። ቆዳው ቀዝቃዛ ነው፣ ለስላሳ ነው። ጌታ ሆይ አልኩ፣ ባውቃትም ባላውቃትም አንተ እወቀን። መታሁት።

አንድ ጊዜ። ሆዴ ውስጥ ገባ። ደገምኩ። እግሬ ጀመረ፣ ተውኩት። ትከሻዬ ላይ ደረሰ፣ ተውኩት። አሁን ነው አልኩ። አሁን ይመጣል። እያለቀስኩ መታሁ፣ ምቱም ምት አይባልም፣ በቆሎ የሚፈለፍል ይመስላል። ሃ/አለቃ ተሰማ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ቆሙ፣ ጨዋ ናቸው።

ቀሚሴ ተጎተተ።

«እማዬ፣ ተሳስተሻል» አለችኝ። «በግራ ነው የሚጀመረው።»

ዝቅ ብዬ አየኋት። ሩት ናት። የከንፈሯ እብጠት እንኳ አልጎደለም። ስሟን አውቃለሁ፣ ስሜን ታውቃለች። በትሩን ከእጄ ወስዳ አሳየችኝ፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ እንዳመመው ሰው። ከዚያ ሁለቱንም ከፈተች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 22። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል

አለቃዬን ነገ ልቅር አልኩት። ሳቀብኝ። ራስሽ ለምነሽ የለወጥሽው ተራ ነው፣ እንግዳው ከይርጋለም ጋር ይነጋገራል፣ ንቅንቅ የለም አለ። ሰው የቆፈረው ጉድጓድ ራሱን ይቀብረዋል።

በራሶ የነገውን ሸሚዝ እየተኮሰ ነው። ሰልፉ በስልክ ቤት በር ያልፋል አለኝ።

አልዳንሁም፣ አትሳሳቺ። ዛሩ ቅዳሜ አልመጣም ማለት ነገም አይመጣም ማለት ነው? ቅዳሜ አንድ ታምቡር ነበር። ነገ ሰው አለ፣ ጡሩምባ አለ፣ ጭብጨባ አለ። ከሆዴ አልወጣም። ሩትን እያጠብኩ፣ በመስኮቴ ሥር ስታልፊ እዪኝ አልኳት። አንገቴን ካዞርኩ ሃምሳ አለቃ ይቆጡኛል አለች። በዓይንሽ ብቻ አልኳት። እንዳወቅሽኝ ምልክት ስጪኝ።

«ለምን? እኔ አውቅሻለሁ እኮ» አለች። ሳሙና ዓይኗ ገባና ጮኸች፣ ነገሩ እዚያው ቀረ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 23። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ስልክ ቤት

ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነው። ይርጋለም ሁለት ጊዜ ጠየቀ፣ እንግዳው ደረሱ ወይ ብሎ። ደረሱ አልኩ። ላቤ ወረቀቱን አረጠበው።

መስኮቱ ዝግ ነው። ሰው መንገዱ ዳር ተደርድሯል። ኑሩ መኪናውን ቦዩ ጋ አቁሞ ጣሪያው ላይ ሕፃናት ጭኗል። በራሶ በተኮሰው ሸሚዝ ከሁሉ ፊት።

መስታወቱ ነዘረ። አልሰማሁም፣ ጣቴን ሳስነካው ነው ያወቅሁት። መጡ።

ማዳመጫውን አወለቅሁት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መስኮቱን ከፈትኩ።

ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። እግሬ ይመታል። ይምታ። ከፊት ትንሿ፣ ታምቡሩ ጉልበቷን እየመታት፣ አገጯ ወደ ላይ፣ ዓይኗ ሩቅ። በጣም ሩቅ ነው ዓይኗ። መስኮቴ ሥር ደረሰች። አታይም። አታየኝም። እያለፈች ነው፣ ልክ እናቴን —

አየችኝ። አንገቷን ሳታዞር በዓይኗ ጥግ አየችኝና ምላሷን አወጣችብኝ። በጃንሆይ በዓል፣ በእንግዳው ፊት፣ ምቷን አንድ ሳታዛንፍ።

የይርጋለም መስመር ይጮኻል። ይጩኽ። እየሳቅሁ ነው፣ እያለቀስኩ ነው፣ እግሬ አሁንም አላረፈም፣ እኔም ልወጣ ነው፣ ከኋላዋ ልከተል —